«ይሰቀል!» ብሎ ከመጮህ ምስክር መቆም ይቅደም

የዲምቱ ሰዎች፣ የዱጉና ፋንጎ አባቶችና እናቶች፣ ከሶዶ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ የከፈታችሁ፣ በብላቴ ዳር ከብት የምታሰማሩ፣ የምታስተምሩና የምትማሩ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው።

ሰው ተገደለ፣ ሕፃን ተደፈረች ሲባል ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ይሰቀል!» ነው። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ገበያ ላይ ይባላል፣ በስልክ እየተጻፈ ይዞራል። ፖሊስ መጥቶ «ያየ ማነው? የሰማ ማነው?» ሲል ግን ያው ጯሂ መሬት መሬት ያያል። «እኔ እዚያ አልነበርኩም።» «የአጎቴ ልጅ ነው፤ እንዴት ብዬ?» «ነገ ሲፈታ ማን ያስጥለኛል?» መዝገቡ በማስረጃ ጉድለት ይተኛል፤ የሟች አባትም ብቻውን ሶዶ ሲመላለስ ጫማውን ይጨርሳል። መጮህ በነጻ ነው፤ መመስከር ግን ዋጋ አለው። እኛ ነጻውን እየመረጥን ኖረናል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አብረን እንድናደርግ እጠራችኋለሁ። የሞት ቅጣት ከሀገራችን ሕግ እንዲወጣ፣ በቦታውም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት እንዲተካ በየእድራችን ፈርመን እንጠይቅ። ይህን ለመጠየቅ የሚያበቃንን ሥራም ራሳችን እንሥራ፤ ያየነውን አንካድ፣ የሟችን ቤት ብቻውን አንተው፣ ገዳይን በጎሳ አንሸፍን። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው የወረቀት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉ ምን እንደሚል ብዙዎቻችን በስማ በለው ነው የምናውቀው፤ በአጭሩ ላስቀምጠው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን አያጣም ይላል። ለሞት ቅጣት በሩን ትቶለታል፤ ግቡ ብሎ ግን አላስገደደም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ለከባድ የሰው ግድያ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ብሎ ምርጫውን ለዳኛው ይሰጣል። አንቀጽ 117 ደግሞ ሞት የሚፈረደው ወንጀሉ ተፈጽሞ ያለቀ፣ ቅጣት የሚያቀል ምክንያት ያልተገኘለት፣ አድራጊውም ያኔ 18 ዓመት የሞላው ሲሆን ነው ይላል። ፍርዱ በርዕሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምም። በአደባባይ አይፈጸምም። በስቅላትም አይፈጸምም። አዎ፣ «ይሰቀል» እያልን የምንጠይቀው ሕጉ ራሱ የከለከለውን ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በፍርድ ቤት ተወስኖ መፈጸሙ በይፋ የታወቀ የሞት ቅጣት ሁለት ነው። በ1990 ዓ.ም. የጄኔራል ሐየሎም አርአያ ገዳይ ተገደለ። በሐምሌ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. የደኅንነት መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ክንፈ ገብረ መድኅንን የገደለው የጦር መኮንን ተገደለ። ልብ በሉልኝ። በእነዚህ ዓመታት ስንት እናት ልጇን ቀበረች? ስንት ገበሬ በድንበር ጠብ ወደቀ? ስንት ሴት በገዛ ቤቷ ታረደች? ሞት የፈረዱ ችሎቶችም ጥቂት አልነበሩም። ፍርዱ እስከ መጨረሻው የሄደው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ የወደቀው የመንግሥት ትልቅ ሰው ነበር። የሁለቱ ሟቾች ደም ርካሽ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቤተሰብ ነበራቸው፣ ተለቅሶላቸዋል። ነገር ግን የሞት ቅጣት ለድሃ ልጅ ደም ይቆማል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ የዲምቱ ሰው ካለ ታሪኩን አብሮ ይቁጠር።

ያ የ1999 ሐምሌ ወር ሌላም ጉድ አለው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጥፋተኛ ተብለው ነበርና ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠየቀባቸው። ሐምሌ 9 ፍርድ ቤቱ ብዙዎቹን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። ሐምሌ 13 በይቅርታ ተፈቱ። አራት ቀን! ሐምሌ 18 ሩዋንዳ፣ ያ ሁሉ ሰው በገጀራ ያለቀባት ሩዋንዳ፣ የሞት ቅጣትን የሚሽር ሕግ አወጣች። ሐምሌ 30 እኛ የሞት ቅጣት ፈጸምን። በአንድ ወር ውስጥ ሞት የተጠየቀባቸው በይቅርታ ወጡ፣ ሌላው ተገደለ፣ ከእኛ የባሰ ያየች አገር ደግሞ መግደልን ተወች።

ከእነዚያ የዕድሜ ልክ ፍርደኞች አንዷ ቀድሞ ዳኛ የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። በይቅርታ ከወጣች በኋላ እንደገና ታስራ የዕድሜ ልኩ ፍርድ ተመልሶባታል፤ በ2003 መጀመሪያ ተፈታች። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች፤ በ2013 የመረጥንበትን ምርጫ የመራችው እሷ ናት። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት የተፈረደባቸው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በመስከረም 2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከበደን የምትሉ ተማሪዎች በሚኒስትሩ ብትናደዱ አልፈርድባችሁም፤ ፍርዱ ተፈጽሞ ቢሆን ግን የምትናደዱበትም ሰው ባልኖረ። በዚያው መዝገብ ሞት የተፈረደባቸው አንዳርጋቸው ጽጌ በ2006 ከየመኗ ሰንዓ ተይዘው መጥተው አራት ዓመት ከታሰሩ በኋላ በግንቦት 2010 በይቅርታ ወጡ። ሰዎቹን ውደዱ፣ ጥሉ፤ እሱ የየራሳችሁ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዛሬ ሞት የሚገባው የተባለ ሰው ነገ ሚኒስትር የሚሆንበት አገር የማይመለስ ቅጣት ይዞ ምን ያደርጋል?

ወደ ኋላም ብንሄድ ያው ነው። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ፤ ዛሬ መንገድ በስሙ ተሰይሟል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ችሎት ሳያቆም ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ረሸነ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነሱ መካከል ነበሩ። ከዚያ ሌሊት በኋላ መግደል ቀላል ሆነ። ቀይ ሽብር ሲመጣ አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ማደር የየዕለት ነገር ሆነ።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ ይነሣና «የቆጠርክልን የፖለቲካ ሰው ነው፤ ሕፃን ደፍሮ የገደለውን ከነዚህ ጋር ምን አገናኘው?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ካልቆምን የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

በ2015 ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገደለች። ጥፋተኛ የተባለው ሰው 25 ዓመት ተፈረደበት። አገር ምድሩ ነገሩን የሰማው ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2016፣ እናቲቱ አደባባይ ወጥታ ስትናገር ነው። ያን ጊዜ ቁጣው እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ከ200 ሺህ በላይ ሰው በበይነ መረብ ፈረመ። 25 ዓመት ያንሳል ተባለ፤ ብዙ ሰውም ሞት ጠየቀ። ያንሳል ያለውን እኔ አልቃወመውም፤ ለከባድ ግድያ ሕጉ ዕድሜ ልክን አስቀምጧልና ይህ ወንጀል ዕድሜ ልክ ካላሰጠ የትኛው ሊያሰጥ ነው ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። የሚቆረቁረኝ የዘገየው ዓመት ነው። ያቺ እናት በዚያ ዓመት ውስጥ አብሯት የሚሄድ፣ የሚያስጠጋት፣ «የፍርዱ ግልባጭ የታል? ይግባኙ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅላት ሰው ነበር የሚያስፈልጋት። 200 ሺህ ሰው ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። የሞት ቅጣት ቢኖርም ባይኖርም ያ መዘግየት አይካስም።

እስቲ ስለ ሕፃናቱ ጉዳይ ሳናፍር እንነጋገር። ሕፃን የሚደፍር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ አይመጣም። ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ ቤት የሚገባ የሚወጣ ሰው ነው። ቅጣቱ ሞት ነው ከተባለ አክስት በወንድሟ ላይ ትመሰክራለች? አያት የልጁን አንገት ሊያስቆርጥ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል? አይሄድም። ሽማግሌ ይጠራል፣ ጥጃ ይነዳል፣ ጉዳዩ በጓዳ ያልቃል፤ ልጅቷም ከደፋሪዋ ጋር አንድ ምንጭ ስትቀዳ ታድጋለች። ወንጀለኛውም ያስባል፤ ደፍሮ መተውም ደፍሮ መግደልም ቅጣቱ አንድ ከሆነ ያየችው ብቸኛ ምስክር ሕፃኗ ናትና አይምራትም። ሞትን የምንጠይቀው ልጆቻችንን ለመጠበቅ ከሆነ በተቃራኒው እየሠራን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ቢላዋ ያነሣ ሰው የሕጉን አንቀጽ አያገላብጥም። የሚያሰላው ይታወቅብኛል ወይስ አይታወቅብኝም የሚለውን ነው። ጣሊያናዊው ቤካሪያ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1764 ጽፎታል፤ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር መታወቁ ነው ብሎ። ግን ለዚህ ቤካሪያን መጥቀስም አያስፈልግም። ዲምቱ ውስጥ ማንም አይቶ ዝም እንደማይል የሚያውቅ ሰው፣ ከገዳይ ጎን የሚቆም ጎሳ እንደሌለ የሚያውቅ ሰው፣ እጁን ሁለት ጊዜ ያያል። ዛሬ የሚያውቀው ግን ዝም እንደምንል ነው።

ስለ ስህተት ደግሞ እናውራ። ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ የሚል ሕዝብ ፍርድን ምን ያህል እንደሚያከብር ግልጽ ነው። ፍርዱ ራሱ ሲሳሳትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ማቆም ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ይላል፤ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለት ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን የብላቴ ዳር እረኛ ተከስሶ ስታስቡት እውነቱን ንገሩኝ። ለፖሊስ የሰጠው ቃል ወላይትኛ ነው፤ መዝገቡ እስከ ፌዴራል ሰበር ሲወጣ የሚነበበው በአማርኛ ነው። ተከላካይ ጠበቃው የሚመጣው ብዙ መዝገብ ተሸክሞ፣ ደንበኛውን በችሎት በር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝቶ ነው። ገንዘብ ያለው ተከሳሽ ጠበቃውን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። በዚህ መንገድ ላይ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ንጹሕ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ እውነቱ ቢወጣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሞት የተፈረደበትን ከየት እንመልሰዋለን?

ከእኛ በሀብትም በሥርዓትም የሚበልጡት ይሳሳታሉ። በጃፓን ኢዋኦ ሀካማዳ የተባለ የቀድሞ ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ1968 በአራት ሰዎች ግድያ ሞት ተፈረደበት። ከአርባ ዓመት በላይ ዛሬ ይወስዱኛል፣ ነገ ይወስዱኛል እያለ በሞት ፍርደኛ ክፍል ኖሮ አእምሮው ተነካ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024፣ በ88 ዓመቱ፣ ነጻ ነህ ተባለ። ፍርድ ቤቱ ዋና ማስረጃ ሆነው የቀረቡት ደም የነካቸው ልብሶች በመርማሪዎች የተፈበረኩ ናቸው አለ። ይህ የሆነው ባቡሯ በሰከንድ በምትለካ አገር ነው።

ወላይታ ደግሞ ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። በጣሊያን ዘመን የወንጌል አማኝ አያቶቻችን ሶዶ ላይ ታስረው በጅራፍ ተገርፈዋል፤ ወንጀላቸው ጸሎት ነበር። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ተዘግተው አገልጋዮች ታስረዋል። እያንዳንዱ የቃለ ሕይወት ማኅበረ ምዕመናን ይህን ታሪክ ይተርካል፤ በየጉባኤው ምስክርነት ሆኖ ይነገራል። ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊወርድ እንደሚችል ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ፣ ፍርዱ ሁልጊዜ ልክ ነው ብለን በሰው አንገት ላይ ስንፈርም ያ ምስክርነት የት ይሄዳል? ፓስተሮች፣ ቀሳውስት፣ የመስጊድ አባቶች፣ ይህን በየመድረካችሁ ጠይቁልን። 

የምንጠይቀው ገዳይ ይለቀቅ አይደለም። የሚዋሽብን ሰው ይህን ይለናልና ቀድመን እንንገረው። የምንጠይቀው ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለከባዱ ወንጀል የመጨረሻው ቅጣት ይሁን ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ እንዲፈታ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ይችላል እንጂ መብቱ ነው ተብሎ በሩ አይከፈትለትም። በሥራውና በጠባዩ መታረሙ መታየት አለበት፤ ያደረሰውንም ጉዳት በሚችለው መጠን መካስ አለበት። ይህ ድንጋጌ ይኑር። የእኔ ሐሳብ አንድ ነገር ይጨመርበት ነው፤ አመክሮው ሲታይ የሟች ቤተሰብ በችሎት ተጠርቶ ይሰማ። እናትን ሳይሰሙ የልጇን ገዳይ መልቀቅ ሌላ በደል ነው።

የደርግ ባለሥልጣናት ነገር ዕድሜ ልክ በቂ ቅጣት መሆኑን በደንብ አሳይቶናል። ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ጥር 1999 ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት፣ ብዙዎቹ ጓዶቹ በችሎት ቆመው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ግንቦት 2000 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞት ፈረደ። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ የሃይማኖት አባቶች ለምነው ነበር። ሃያ ዓመቱን ጨርሰው ስለነበር ብዙዎቹ በመስከረም 2004 በአመክሮ ወጡ። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ያን ቀን ምን እንደተሰማቸው እገምታለሁ፤ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ባይገደሉ መልካም ሆነ እላለሁ። ተከስሰዋል፣ ሰነዱ ተነብቧል፣ ስማቸው ከዘር ማጥፋት ጋር ተጽፎ ቀርቷል፤ ሽበት አብቅለው ከሕዝቡ ጋር በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ሲሄዱም ሰው አይቷቸዋል። በ1967 በአንድ ሌሊት የሠሩትን እኛ መልሰን አልሠራንባቸውም።

መንግሥቱ የተጠጋባት ዚምባብዌም ቢሆን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሞት ቅጣትን ከሕጓ አውጥታለች። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ ራሳቸው በነጮቹ አገዛዝ ጊዜ ሞት ተፈርዶባቸው በዕድሜያቸው ማነስ የተረፉ ሰው ናቸው። ሴራሊዮን፣ ዛምቢያ፣ ቻድ፣ መካከለኛው አፍሪካ ቀድመዋል። ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለን ካለ አፍሪካን ይቁጠር።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

እድሮች፣ የመጀመሪያው ሸክም የእናንተ ነው። ቀብር ላይ ድንኳን ተክላችሁ፣ ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ሦስተኛው ቀን ስትበተኑ ጉዳዩ አይለቅ። የተገደለ ሰው ቤት ከሆነ እድሩ ሁለት ሰው ይምረጥና መዝገቡን ይከታተል፤ የፖሊስ ምርመራው የት ደረሰ፣ ክሱ መቼ ተመሠረተ፣ ቀጠሮው መቼ ነው የሚለውን ይወቅ። የግድያ ክስ የሚታየው ሶዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ከዲምቱ ሶዶ ደርሶ መመለስ ለምስክር የቀን ሥራ ማጣትና የመኪና ገንዘብ ማውጣት ነው። ከእድሩ ሣጥን ይከፈለው። ብቻውንም አይሂድ፤ አሥር፣ ሃያ ሰው ሆነን ችሎት እንቀመጥ። ዛቻ የደረሰበት ምስክር ካለ ደግሞ የምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ እንዳለ አስታውሱ፤ ከባድ ወንጀል ላይ ለሚመሰክር ሰው ጥበቃ ይፈቅዳል። ጥበቃው ወረዳችን ድረስ እንዲወርድ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው፤ ያልጠየቅነውን ማንም አያመጣልንም።

ሽማግሌዎች፣ ዕርቃችሁን እናከብራለን። በጊፋታ ሰሞን የተጣላ ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት አይቀበልም፤ ይህን ያህል ጊዜ ያቆየን እሱ ነው። ሁለት ጎሳ ደም እንዳይቃባ አስታርቁ፤ ካሳውን አስከፍሉ። ዕርቁ ግን መዝገብ አይዝጋ፤ ምስክርም ቃሉን እንዲለውጥ አትምከሩት። በተለይ የልጃገረድ ጉዳይ በላምና በብር አይለቅ። ይህን ስል የሚቆጣ አባት እንዳለ አውቃለሁ፤ ይቆጣ።

ወጣቶች፣ ገዳዩ ተይዞ እናቱ ቤት ላይ ድንጋይ የሚወረውር፣ ጎጆ የሚያቃጥል፣ ወንድሙን ከመኪና የሚያስወርድ ካለ ፍትሕ ፈላጊ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን መሐል ገብተው «በሕግ አምላክ!» ሲሉ የተነሣ ዱላ ይወርድ ነበር። ያን ድምፅ ከእናንተ መስማት እንፈልጋለን። በስልካችሁም የሟችን ሬሳ ፎቶ ከማዞር የችሎት ቀጠሮውን ቀን አዙሩ፤ ሰው ይምጣ።

በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠኑ ልጆቻችን፣ የተማራችሁትን ይዛችሁ ወደ ወረዳ ውረዱ። ምስክር ችሎት ላይ ምን እንደሚጠየቅ፣ ተከሳሽ ምን መብት እንዳለው፣ የሟች ቤተሰብ ካሳ እንዴት እንደሚጠይቅ በወላይትኛ አስረዱን። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በውጭ አገር ያላችሁ የወላይታ ተወላጆችም ከ«ይሰቀል» ልጥፋችሁ ይልቅ የአንድ ምስክር የመኪና ኪራይ ይበልጥብናል።

አሁን ወደምንፈርመው ደብዳቤ። ከጊፋታ በፊት በእያንዳንዱ እድር ይነበብ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይላክ። የሚለውም ይህ ይሁን፦ የሞት ቅጣት ከወንጀል ሕጉ ይውጣና ዕድሜ ልክ የመጨረሻው ይሁን፤ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ አዲስ የሞት ፍርድ አይፈጸም፣ የተፈረደባቸውም በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጥላቸው፤ ኢትዮጵያ የሞት ቅጣትን የሚያስቀረውን የዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ሁለተኛ ፕሮቶኮል ትፈርም፤ ለመርማሪ ፖሊስና ለተከላካይ ጠበቃ በቂ በጀት ይመደብ፤ የምስክር ጥበቃው በወረዳ ደረጃ ይደራጅ፤ እንጀራ አቅራቢያቸውን በገዳይ እጅ ላጡ ቤተሰቦች መንግሥት ይድረስላቸው። ለምርጫ የሚመጣ እጩ ሁሉ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ይህ ወረቀት ይሰጠውና «ትፈርማለህ ወይስ አትፈርምም?» ይባል። የማይፈርም ምክንያቱን በሕዝብ ፊት ይንገረን፤ እንከራከረዋለን።

ስምና ቀበሌ በግልጽ ይጻፍ፤ መፈረም የማይችል በአውራ ጣቱ ያትም። የእድር ዳኛው ቀድሞ ይፈርም፣ ሴቶች ከባሎቻቸው ተለይተው በየራሳቸው ስም ይፈርሙ። ልጁ የተገደለበትና መፈረም ያልፈለገ ወላጅ ቢኖር ማንም አይጫነው፤ ወንበር ሰጥታችሁ አዳምጡት። ወረቀቱ ከመዞሩ በፊት ግን በየእድሩ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ በቀበሌያችን ምስክር አጥቶ የተኛ መዝገብ አለ ወይ? ካለ፣ ያየ ሰው እጁን ያውጣ። ሰኞ ጠዋት አብረነው ሶዶ እንሄዳለን።